ኩፍኝና የሕፃናት አንጎል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ስለ አንድ በሽታ እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ፥ ብዙዎቻችሁ ስለ ወባ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን፥ ስለሚያውቀውም የናቀውን በሽታ ነው፤ ይኸውም ኩፍኝ ነው። «ኩፍኝ ነው፥ ይውጣለት፤ ከወጣለት ይተወዋል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገሩ በብዙ ልጆች ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን እውነት አይደለም። ሽፍታው ከቆዳ ላይ ጠፍቶ፥ ቤተ ሰቡም ሁሉን ረስቶ ሳለ፥ በሽታው በልጁ አንጎል ውስጥ ተደብቆ 7 ወይም 8 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህም ክፉ ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ገና ለክትባት ያልደረሱትን ሕፃናት ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ራሱን መጠበቅ የማይችለውን ሕፃን የሚጠብቀው የታላቅ ወንድሙ፥ የታላቅ እኅቱና የጎረቤቱ ልጅ ክትባት ነው።

ንግግራችንን በአራት ከፍለነዋል። በመጀመሪያ ኩፍኝ ምን እንደ ሆነና ሕፃናትን ለምን እንደሚያጠቃ፥ ቀጥለን ወደ አንጎል የሚደርስባቸውን መንገዶች፥ ከዚያም ነገሩ ለካምባና ለጋሞ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በመጨረሻም እኛ ተማሪዎችና መምህራን ምን ልናደርግ እንደምንችል እንናገራለን። የሕክምና ትምህርት ያልተማራችሁም በቀላሉ እንድትከታተሉን ነገሩን በተቻለን መጠን በተራ ቋንቋ አዘጋጅተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኩፍኝ የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል፥ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ከማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። በሽተኛው ሲያስልና ሲያስነጥስ ቫይረሱ ከትንፋሹ ጋር ወጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ድረስ እዚያው ሊቆይ ይችላል። አንድ በሽተኛ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ቢገኝ፥ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሰዎች እንደሚያስተላልፍ ይገመታል። ቫይረሱ በሰውነት ከገባ በኋላ 10 ቀን ያህል ምንም ምልክት አይታይም። ከዚያ ትኩሳት፥ ሳል፥ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል፤ በ14ኛው ቀን ገደማ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ኋላ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ክፋቱም በሽተኛው ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። እናት «ልጄን ኩፍኝ ያዘው» ብላ ከጎረቤት ልጆች በምትለይበት ቀን፥ የጎረቤት ልጆች በሽታውን ቀድመው ተቀብለውት ይሆናል።

ስለ በሽታው ጠባይ ብዙ ያስተማረን ፒተር ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ነው። በ1846 ፋሮ በሚባሉት ደሴቶች ኩፍኝ በገባ ጊዜ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች 6,000 ያህሉ ታመሙ። ፓኑም ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ሲመረምር፥ ከ65 ዓመት በፊት፥ በ1781፥ በገባው ኩፍኝ ታመው የነበሩት ሽማግሌዎች ዳግመኛ እንዳልተያዙ አስተዋለ። ኩፍኝ አንድ ጊዜ ይዞ የለቀቀውን ሰው አይመለስበትም ማለት ነው። የእኛም አገር እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ነገር ግን «አይመለስም» ማለትና «ፈጽሞ ሄዷል» ማለት አንድ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

ሕፃን ሲወለድ ባዶ እጁን አይወለድም። እናቱ ኩፍኝ ይዟት ያለፈ ወይም የተከተበች እንደ ሆነች፥ በደሟ ውስጥ ያለው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ይህ ስንቅ ግን እያደር ያልቃል፤ ሕፃኑ ግማሽ ዓመት ከሞላው በኋላ ከስንቁ የሚቀረው ጥቂት ነው። ታዲያ ገና እንደ ተወለደ ለምን አይከተብም ቢባል፥ መልሱ የሚያስደንቅ ነው። የእናት መከላከያ ጠላትና ወዳጅ አይለይም፤ የደከመውንም የክትባት ቫይረስ እንደ በሽታው ቆጥሮ ያጠፋዋል፥ ክትባቱም ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9ኛው ወር ነው። ከዚህ የተነሣ የእናት ስንቅ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ክትባቱ እስኪሰጥ ድረስ፥ ሕፃኑ ምንም ጋሻ የሌለው ሆኖ የሚቆይባቸው ጥቂት ወራት አሉ። የንግግራችን መሠረት እነዚህ ጥቂት ወራት ናቸው።

ስለ አንጎል ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ ማስቀመጥ ይገባናል። ኩፍኝ ከሚገድላቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚሞቱት በአንጎል ሕመም ሳይሆን በሳንባ ምችና በተቅማጥ ነው፤ ቪታሚን ኤ ያነሳቸው ልጆች ደግሞ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል። ቫይረሱ ሰውነት ቀድሞ ያወቃቸውን ጠላቶች የሚያስታውስበትን ኃይል ጭምር እንደሚደመስስ በ2019 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ለብዙ ወራት በሌላ በሽታ እየተደጋገመ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። የአንጎሉን ጉዳት ለብቻው የመረጥነው ከእነዚህ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስለማይታወቅና፥ በመጣም ጊዜ ኩፍኝ ያመጣው መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ ነው።

ኩፍኝ አንጎልን የሚነካባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው ከትኩሳት የተነሣ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። የሕፃን አንጎል ድንገተኛ ትኩሳትን አይችልም፤ ልጁ ይገተራል፥ ዓይኑ ይገለበጣል፥ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። ለወላጅ እጅግ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፥ ጠባሳም አይተውም። ቢሆንም መንቀጥቀጥ ሁሉ ተራ አይደለምና፥ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ግድ ነው።

ሁለተኛው የአንጎል ብግነት ነው። ይህ የሚደርሰው ከ1,000 የኩፍኝ ሕመምተኞች በ1 ያህሉ ላይ ሲሆን፥ የሚመጣውም ሽፍታው ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ልጁ እየዳነ ነው ተብሎ ቤተ ሰብ ደስ ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ራስ ምታትና ትውኪያ ይከተላል፥ ልጁ ይፈዝዛል፥ ይቃዣል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ይስታል። እዚህ ላይ አንጎልን የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ አይደለም። ቫይረሱን ሊወጋ የተነሣው የሰውነት ጦር ተሳስቶ የነርቭን ክሮች የሚሸፍነውን ስብ መሰል ልባስ ይወጋል። ልባሱ የተገፈፈ ነርቭ ሽፋኑ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ መልእክቱን ማድረስ አይችልም። በዚህ ከታመሙት ከ10ሩ 1 ወይም 2 ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ፥ የእጅና የእግር ሽባነት፥ ወይም የአእምሮ ድክመት ይዘው ይቀራሉ።

ይህ ዓይነቱ ጉዳት ድኻ አገር፥ ሀብታም አገር አይልም። ስመ ጥሩው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሮዋልድ ዳል ኦሊቪያ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ነበረችው፤ በ1962 በእንግላንድ በኩፍኝ ምክንያት በመጣ የአንጎል ብግነት ሞተች። በጆን ኤንደርስና በባልደረቦቹ ድካም የተገኘው የኩፍኝ ክትባት በአሜሪካ የተፈቀደው በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1963፥ ነበር። አባትዮው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ይለምን ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የሚገኘው የመከላከል ኃይላቸው በሌላ በሽታ በተዳከመባቸው ልጆች ላይ ነው፤ የደም ካንሰር ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ማለታችን ነው። በእነርሱ ላይ ቫይረሱን የሚያቆመው ስለሌለ ራሱ ወደ አንጎል ይገባል፤ ሕመሙም ኩፍኙ ከያዘ በኋላ እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይገለጣል፥ አብዛኞቹንም ይገድላል።

አራተኛው ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ የዘገየው ነው። በ1933 ጄምስ ዳውሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሞተ ልጅ አንጎል የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፥ በነርቭ ሕዋሶች ውስጥ እንግዳ ነገር አይቶ የቫይረስ ሥራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። የየትኛው ቫይረስ ሥራ እንደ ሆነ ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ አልተረጋገጠም። በዚያን ጊዜ ቫይረሱ የኩፍኝ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች በሽታውን በፊደላት አሳጥረው ኤስ ኤስ ፒ ኢ ይሉታል፤ እኛ ዘግይቶ የሚመጣ የኩፍኝ የአንጎል ብግነት እንበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመቱ ኩፍኝ ይይዘዋል፤ ሽፍታው ይወጣል፥ ይጠፋል፥ ልጁም ይድናል። የሕፃኑ መከላከያ ገና ስላልጠነከረ ግን ጥቂት ቫይረስ አምልጦ በአንጎል ሕዋሶች ውስጥ ይቀራል። ቫይረሱ በዚያ ሲቀመጥ ይለወጣል። ከሕዋስ ወጥቶ አዲስ ቫይረስ ሆኖ የሚሄድበትን ችሎታ ያጣል። በዚህ ፈንታ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው በውስጥ በውስጥ ይሻገራል። ወደ ውጭ ስለማይወጣ የደም መከላከያ አያገኘውም። በእንሰት ሥር እንደሚሄድ ትል ነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ ሥሩ ይበላል፤ ሰውም የሚያውቀው ተክሉ ዘንበል ያለ ቀን ነው።

ልጁ ያድጋል፥ ይሮጣል፥ ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ኩፍኝ ከያዘው ከ6 እስከ 10 ዓመት በኋላ ለውጥ ይታያል። መጀመሪያ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይነጫነጫል፥ ይረሳል፥ የቤት ሥራውን አይጨርስም፥ የሚያውቀውን ፊደል ይስታል፥ ጽሑፉ ይበላሻል። ቀጥሎ ሰውነቱ በየጥቂት ሴኮንዱ ድንገት ይደነግጣል፤ ጽዋ ይዞ ሳለ ከእጁ ይወድቃል፥ ሲሄድ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። ሦስተኛ፥ ሰውነቱ ይገተራል፥ መናገርና መዋጥ ይሳነዋል፥ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል። በመጨረሻ አልጋ ላይ ወድቆ ምንም የማያውቅ ይሆናል። አብዛኞቹ ምልክቱ ከታየ ከ1 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። በሽታው ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ልጆች ላይ ይበዛል። የሕመሙን ሂደት በአንዳንድ ልጆች የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚያድን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ይህ እጅግ ጥቂት ነውና ስለ እርሱ መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ቀድሞ ከ10,000 የኩፍኝ ሕመምተኞች በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ይታመን ነበር። በ2017 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ግን ሒሳቡን በዕድሜ ከፋፍሎ ሲመለከት ሌላ ነገር አገኘ። ከ5 ዓመት በታች ሳሉ ኩፍኝ ከያዛቸው ልጆች ከ1,367 አንዱ፥ ዓመት ሳይሞላቸው ከተያዙት ደግሞ ከ609 አንዱ በዚህ በሽታ እንደሚያዝ ገመተ። እንግዲህ አስቡት፤ የዕድሜው ማነስ አደጋውን ብዙ እጥፍ አበዛው። በ2025ም የሎስ አንጀለስ አውራጃ የጤና መሥሪያ ቤት አንድ የትምህርት ቤት ልጅ በዚሁ በሽታ መሞቱን አስታውቋል። ልጁ ኩፍኝ የያዘው ገና ለክትባት ሳይደርስ በሕፃንነቱ ነበር። ትልልቅ ሆስፒታሎች በሞሉበት ከተማ ያለ ልጅ እንኳ ከተያዘ በኋላ ሊተርፍ አልቻለም፤ ሊያድነው ይችል የነበረው መጀመሪያውኑ አለመያዝ ብቻ ነው።

«ክትባቱስ ራሱ ሕያው ቫይረስ አይደለም ወይ? እርሱስ በአንጎል ተደብቆ አይቀርም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በዚህ በሽታ ከሞቱ ልጆች አንጎል የተገኘው ቫይረስ በረቂቅ ዘዴ ሲመረመር፥ ሁልጊዜ የተገኘው የዱሩ የኩፍኝ ቫይረስ እንጂ የክትባቱ አይደለም። ኩፍኝን በክትባት ያጠፉ አገሮችም ይህን በሽታ አብረው አጥፍተውታል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀራቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ለምሳሌም ካምባን እንውሰድ። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ በጋሞ ተራሮች ላይ የሚገኝ፥ ደጋና ቆላ የተፈራረቁበት፥ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት አገር ነው። ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች ስላሉ መንገዱን መግለጥ አያስፈልገንም፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ጭቃው ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ መንገድ የሚፈልግ ነገር ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ተይዞ ከዞኑ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሣጥን ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ መድረስ አለበት። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቢበጠስ መርፌው ይወጋል፥ ልጁ ያለቅሳል፥ ካርዱም ይሞላል፤ መከላከያው ግን የለም።

ሌላም ችግር አለ። የክትባቱ ብልቃጥ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ከተበረዘ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ብልቃጡ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ልጅ ብቻ መክፈቱ ብክነት መስሎ ይታያልና ለክትባት የተለየ ቀን ይቆረጣል። ከሩቅ መንደር ልጅዋን አዝላ የመጣች እናት በዚያ ቀን ካልደረሰች ተመልሳ ትሄዳለች። ገበያና እርሻ ያለባት፥ ሌሎችንም ልጆች ቤት ትታ የመጣች እናት ሁለተኛ ጊዜ ባትመለስ በቸልተኝነት ልንወቅሳት አይገባንም።

በአገራችን ሰፊው የክትባት ሥራ የተጀመረው በ1980 ነው። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር ክትባቱ ወደ ቀበሌ ቀረበ፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር እንዲሰጥ የተደረገውም በ2019 ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው በ2019 በመላው አገር በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ልጆች የኩፍኝ ክትባት ያገኙት ከ100 59 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ9 ወር የተሰጠ አንድ ክትባት የሚሠራው ከ100 በ85 ያህሉ ላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከ59ኙ 9 ያህሉ ክትባቱ ሳይዝላቸው ይቀራል፤ እንግዲህ ከ100 ልጆች የተጠበቁት 50 ብቻ ናቸው። ኩፍኝ በአንድ አገር መዛመቱን እንዲያቆም ግን ከ100 ሰዎች 95ቱ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛው ክትባት የተጨመረው በአንደኛው ያልያዘላቸውን ለማግኘት ነው። አንድ ጊዜ ያስከተበች እናት «ጨርሻለሁ» ብትል ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የጋሞን አገር ኑሮ ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። የጋሞ ሸማኔዎች ከቆየ ዘመን ጀምረው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎችም ከተሞች ወጥተው ይሠራሉ፤ ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የለም። መስቀል ሲመጣ ከያሉበት ወደ አባቶቻቸው ቀዬ ይመለሳሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል፥ ቤቱ ይሞላል፥ ሕፃናት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ደስታው የሚናፈቅ ነው፤ ማንም ይቅር አይልም። ነገር ግን ሽፍታው ገና ያልወጣበት፥ ሳልና ንፍጥ ብቻ ያለው አንድ ያልተከተበ ልጅ በእንዲህ ያለ ቤት ቢገኝ፥ የ7 ወር ሕፃን በዚያው ቤት ታቅፎ አለ። ትልቁ ልጅ በሁለት ሳምንት ይድናል። የሕፃኑ ሒሳብ ግን ከ7 ዓመት በኋላ ይመጣል።

በመጣም ጊዜ ማን ያውቀዋል? በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ቀድቶ የኩፍኝን መከላከያ መመርመር፥ የአንጎልንም የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያነብ የነርቭ ሐኪም በአገራችን ለረዥም ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው ልጅ በመንደሩ የሚቆጠረው ከሚጥል በሽታ ጋር ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ አካባቢ አድርገው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፥ የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰዎች በ5 ያህሉ ላይ እንዳለ፥ አብዛኞቹም ሕክምና እንዳላገኙ አሳይተዋል። የበሽታው ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉ ከኩፍኝ መጣ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የሚንቀጠቀጥ ልጅ በርኩስ መንፈስ ተይዟል እየተባለ ከሰው ዓይን በሚሸሸግበት አገር፥ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይኖርም። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፥ የሚጸልይም ይጸልይ፤ ሐኪምን ግን አይተው። ሁለቱ አይጣሉም።

ኩፍኝ ቤት ከገባ በኋላስ ምን ይደረግ? በአንዳንድ ቤት በሽተኛውን ልጅ በጨለማ አስቀምጦ ምግብና ውሃ መከልከል፥ ሽፍታው «ወደ ውስጥ ይመለሳል» ተብሎም ወደ ጤና ጣቢያ አለመውሰድ ልማድ ነው። ኃይለኛ ብርሃን የታመመ ዓይንን ስለሚወጋ መጋረጃ መጣል አይጎዳም፤ ጡትና ውሃ፥ ምግብም መከልከል ግን ይገድላል። በጤና ጣቢያ ለበሽተኛው ልጅ ቪታሚን ኤ ሁለት ቀን በተከታታይ ይሰጣል፤ መጠኑ 6 ወር ላልሞላው 50,000፥ ከ6 እስከ 11 ወር ላለው 100,000፥ ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነው 200,000 ዩኒት ነው። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፥ ከፈዘዘ፥ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፥ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ትኩሳቱ ከተመለሰ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ እንጂ በአፉ ማንኪያም ሆነ መድኃኒት መክተት አይገባም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ በዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ የታናናሾቻችንን የክትባት ካርድ እንመልከት። አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበውን ለሁለተኛው እንውሰደው፤ ካርዱ የጠፋበትንም እናስመርምር። በቤት ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን ካለ፥ የትልልቆቹ ክትባት የእርሱ ጋሻ መሆኑን ለእናቶቻችን እናስረዳ። ኩፍኝ በአካባቢው ከተነሣ፥ ጤና ባለሙያዎች ክትባቱን ከ6ኛው ወር ጀምረው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይህ ትርፍ ክትባት ነው እንጂ የ9ኛውንና የ15ኛውን ወር አይተካም።

ሁለተኛ፥ ነገሩን በአገሬው ቋንቋና በአገሬው መድረክ እንናገር። ለካምባ እናት በጋሞኛ የተነገረ አንድ ቃል በአማርኛ ከተጻፈ አሥር ወረቀት ይበልጣል። በጋሞ ደጋ ሕዝቡ የሚመክርበት ዱቡሻ አለ። በ2018 የጋሞ ሽማግሌዎች ሣር ይዘው በወጣቶች ፊት ተንበርክከው በአርባ ምንጭ ጥፋት እንዳይሠራ እንዳቆሙ መላው ኢትዮጵያ አይቷል። እንዲህ የሚደመጥ ሽማግሌ «የክትባት ቀን ሐሙስ ነው» ቢል ቤቱ የሚቀር አይኖርም።

ሦስተኛ፥ ይህ በተለይ ለመምህራንና ነገ መምህራን ለምትሆኑት ነው። ዘግይቶ የሚመጣውን በሽታ ከሐኪም በፊት የሚያየው መምህር ነው። ትናንት ጎበዝ የነበረ የ8 ዓመት ልጅ ዛሬ ፊደል ሲጠፋው፥ እርሳስ ከእጁ ሲወድቅ፥ ያለ ምክንያት ሲደነግጥ፥ ሰነፍ ብሎ ከመቅጣት በፊት እናቱን ጠርቶ «በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ልጁን ላያድነው ይችላል። ነገር ግን ያለ በደሉ ከመገረፍ ያድነዋል፤ ወደ ሆስፒታል መንገድ ይከፍትለታል፤ ከቤቱም ያሉትን ታናናሾቹን የሚያስከትብ ምክንያት ይሆናል።

ኢትዮጵያ ፈንጣጣን ከምድሯ አጥፍታለች፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነበር። በዚያን ዘመን ከዛሬው ይልቅ መንገድ ያነሰ፥ ሐኪምም ያነሰ ነበር፤ ክትባቱ ግን በእግርና በበቅሎ እየተጓዘ ከየመንደሩ ደረሰ። ኩፍኝም እንደ ፈንጣጣ ከሰው በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። የሚያስፈልገው መርፌ በእጃችን አለ፤ የሚቀረው ከካምባ ተራራ ላይ ያለችውን እናት በሁለተኛው ቀጠሮ ማግኘት ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ የምታውቁትንም ጨምሩልን።